ለእህሉም ለዘሩም እግዜር ይስጥልን

እኛ የሰሜን ወሎ ጉባላፍቶዎች በጦርነቱ ያለፍንበትን ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም። ዘንድሮ ጤፋችን ታጭዶ ተከምሯል። ይህን ለማለት በቃን፤ የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

ከሁሉ በፊት ወልድያ ላይ እህል የሚነግዱትን እናታችንን ላመስግን። ስሜን እንዳትጠራ ብለውኛል፣ ግን የሰፈሩ ሰው ያውቃቸዋል። ታኅሣሥ 2014 ወደ ቤታችን ስንመለስ ጎተራው ባዶ፣ በረቱም ባዶ ነበር። የእርዳታው ስንዴ ደረሰልን፣ ነፍሳችንን ያቆየው እሱ ነው። ክረምቱ ሲቃረብ ግን ዘር ከየት ይምጣ? እማማ ራሳቸው መጋዘናቸው ተዘርፎ ዕዳ ላይ ናቸው። በዱቤ ካመጡት ጤፍ ለዘር የሚሆነውን ለዩና «ሲደርስ ቁናውን በቁና ትመልሳላችሁ» አሉን። ወለድ የለ፣ ዋስ የለ። ለአባቴ ሲሰፍሩ ቁናው ሞልቶ ፈሰሰ፣ አፉን በእጃቸው አልጠረጉትም። «የተረፈው ለወፏ ነው» አሉ። አባቴ እዚያው አለቀሰ። እኔም አሁን ስጽፈው እንባዬ ይቀድመኛል። እማማ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን፣ የልጅ ልጅ ያሳይዎ! ጨቅላ ለታቀፈች ሁሉ ሽሮ ጨምረው ይሰጡ እንደነበርም ሳልናገር አላልፍም።

ተፈናቅለው የመጡትን ወገኖቻችንን የተቀበላችሁ ደሴዎች፣ በመቀናጆ ያረሳችሁልን ጎረቤቶች፣ ውጭ ሀገር ሆናችሁ ያዋጣችሁ ልጆቻችን፣ የዓለም ምግብ ፕሮግራምም ሌሎችም በየመጋዘኑ ጆንያ የተሸከማችሁ፣ ያንን መንገድ ያለፋችሁ ሾፌሮች፣ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልን። በጅምላ ስለጠራኋችሁ ይቅርታ፣ ስም ልዘርዝር ብል አንዱን ስጠራ ሌላው ይቀርብኛል።

ነሐሴ 2014 ላይ 23 ሺህ ቶን የዩክሬን ስንዴ ለኢትዮጵያ ተብሎ ጅቡቲ ገባ ሲባል ደግሞ እንዴት እንደተሰማኝ። እነሱም እኮ ጦርነት ላይ ናቸው።

ጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ሰላም ተፈርሟል፣ ተመስገን። ሀገራችን ግን በ2013 በታላላቅ ኢኮኖሚ ሀገራት ስብስብ በቡድን 20 በኩል ዕዳዬን አሸጋሽጉልኝ ብላ መልስ ለማግኘት ዓመታት ጠብቃለች። የሀገር አበዳሪዎችም እንደ እማማ ቢያስቡ ምናለ! ከጦርነት የወጣ የሚከፍለው መጀመሪያ ሲዘራ ነው። የእርዳታው ስንዴም ብቻውን፣ ያለ እማማ የዘር ብድር፣ ለከርሞ አያሻግረንም ነበር፣ እኛ አይተነዋል።

ዘር የወሰዳችሁ ሁሉ፣ ውቂያው እንዳለቀ ጤፉን ይዘን አብረን እንሄዳለን። እማማ፣ አደራ፣ አልቀበልም እንዳይሉን።