የባዮሎጂ ክበብ፦ ግሉኮስና ፕሮቲን ያከራከሩን ዓመት

የባዮሎጂ ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ነው የከረመው። ጥያቄውን ያነሳችው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፦ «ቲቸር፣ ሰውነታችን የበለጠ የሚያስፈልገው የቱ ነው? ግሉኮስ ወይስ ፕሮቲን?» ክበቡ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። ኳስ ተጫዋቾቹ ፕሮቲን ሲሉ፣ ሌሎቹ አንጎል የሚሠራው በግሉኮስ ነው ብለው ድርቅ አሉ።

ላብራቶሪ ገባን። ነጭ እንጀራ ላይ አዮዲን ጠብ ስናደርግ ጠቆረ፤ ስታርች አለ ማለት ነው፣ ስታርች ደግሞ የግሉኮስ ሰንሰለት ነው። እንቁላል ነጩ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድና በኮፐር ሰልፌት ሐምራዊ ሆነ፤ ይሄ የፕሮቲን ምልክት ነው። ግሉኮስ ከካርቦን፣ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን ብቻ የተሠራ ትንሽ ሞለኪውል ነው። ፕሮቲን ግን ናይትሮጅንም አለው፤ የሚገነባው ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ሲሆን 9ኙን የግድ ከምግብ ማግኘት አለብን።

የዓመቱ ምርጥ ሙከራ የምራቅ ነበር። መጀመሪያ ተጸየፉ፣ በኋላ ተራ የሚጠብቀው በዛ። ስታርች ውስጥ ምራቅ ጨምረን፣ ትንሽ ቆይተን አዮዲን ስናደርግበት አልጠቆረም። ምራቁን አፍልተን ስንደግመው ግን ጠቆረ! ምራቅ ውስጥ ያለው፣ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቆራርጠው አሚሌዝ ራሱ ፕሮቲን ነው፣ ሙቀት ያበላሸዋል።

ክርክሩ መልኩን የቀየረው ከዚህ በኋላ ነው። ጠያቂዋ ልጅ ስለ ኢንሱሊን አንብባ መጣች፦ ከቆሽት የሚወጣ፣ 51 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፕሮቲን ነው፤ ከበላን በኋላ ግሉኮስ ከደም ወደ ጡንቻ እንዲገባ የሚያደርገውም እሱ ነው። እኔ ደግሞ መማሪያ መጽሐፍ ላይ ቶሎ የሚታለፈውን ነገር ጨመርኩላቸው፣ በጣም ስለምወደው። ብዙ ሰዓት ሳንበላ ቆይተን ጉበት ያከማቸው ግሉኮስ ሲመናመን፣ ጉበቱ ከጡንቻ ፕሮቲን የሚመጡ አሚኖ አሲዶችን ጭምር ወደ ግሉኮስ ይቀይራል። ግሉኮስ ግን ብቻውን ፕሮቲን አይሆንም፣ ናይትሮጅን የለውማ። ኳስ ተጫዋቾቹ በዚህ ጨበጨቡ፤ ከዚያ አንዱ «እንግዲያው እንጀራውን ከቀነስን ጡንቻችን ሊነካ ነው?» ሲል ሁሉም ዝም አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሁለት ስብሰባ ፈጀብን።

ለከርሞ በብቅል እንቀጥላለን። የበቀለ ገብስ ውስጥም አሚሌዝ አለ፤ ጥሬውንና የተፈላውን ብቅል እናወዳድራለን። ምዝገባው መስከረም ላይ ነው፣ ከቤቱ ብቅል ማምጣት የሚችል ይንገረኝ።