የቀድሞ ባሕረኞች እንድንገናኝ መዝገቡ ይታይልን

ለኢ.ፌ.ዲ.ሪ. መከላከያ ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ዋና አዛዥ ጽሕፈት ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የቀድሞው ባሕር ኃይል ሠልጣኞችና ባሕረኞች መልእክት የሚለዋወጡበት አሠራር እንዲዘረጋ ስለመጠየቅ

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

በቀድሞው ባሕር ኃይል ምፅዋ ላይ ሠልጥነው በየመርከቡ ከተመደቡ ባሕረኞች አንዱ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ማኅበር ወክሎኝ ሳይሆን፣ ሠራዊቱ ከተበተነ ጀምሮ እስከ ዛሬ ሲፈላለጉ የኖሩ የኮርስ ጓደኞቼ በተገናኘን ቁጥር የሚያነሡትን ጥያቄ አንድ ሰው በጽሑፍ ሊያቀርበው ይገባል ብዬ ነው። የምንጠይቀው ገንዘብ ወይም ቦታ አይደለም። የቀድሞው ባሕር ኃይል አባላት የስም መዝገብ ያለበት ሥፍራ ተጣርቶ፣ አንዱ ባሕረኛ ሌላውን ሲፈልግ ጥያቄውን የሚቀበል፣ መልእክቱን የሚያደርስና በተፈላጊው ፈቃድ የሚያገናኝ ባለሙያ በመሥሪያ ቤታችሁ እንዲመደብልን ብቻ ነው።

ባሕር ኃይሉ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሲቋቋም ዋናው የጦር ሰፈር ምፅዋ፣ የመኮንኖቹ ኮሌጅ ደግሞ አሥመራ ነበር። ከዚያ ወዲህ በተከታተሉት ዓመታት ከየጠቅላይ ግዛቱና ከየክፍለ ሀገሩ የተመለመሉ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ባሕር የሚባል ነገር በዓይናቸው አይተው የማያውቁ፣ በምፅዋ፣ በዓሰብና በእምባትካላ ሠልጥነዋል። ቀደምቶቹ በኖርዌይ መኮንኖች እጅ ተኮትኩተው፣ በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ በተገኘችው «ኢትዮጵያ» በተባለችው መርከብ ላይ ባሕሩን ተለማመዱ። በደርግ ዘመን የገባነው ደግሞ በሶቪየት መርከቦች ላይ፣ ሩሲያኛ በተጻፈባቸው ሰሌዳዎች ፊት ቆመን ሙያውን ያዝን፤ ከመካከላችን ለትምህርት እስከ ሌኒንግራድና እስከ ባኩ የተላኩም ነበሩ። ይህን የማነሣው ታሪክ ለማስተማር አይደለም፤ እናንተ ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። የማነሣው ዛሬ የምንፈላለገው ሰዎች በዘመንም በቋንቋም በአገርም የተራራቅን መሆናችን እንዲታሰብልን ነው።

የተበታተንነው ደግሞ እንደ ሌላው ክፍል በአንድ አቅጣጫ አይደለም። በየካቲት 1982 ዓ.ም. በምፅዋው ውጊያ የሞቱ፣ የተማረኩና በየአቅጣጫው ያመለጡ አሉ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ዓሰብ ልትያዝ ስትል መርከባቸውን ይዘው ወደ የመን የተሻገሩት እዚያው በስደተኝነት ለዓመታት ኖረው፣ ከፊሎቹ ወደ ሦስተኛ አገር ሲሄዱ የቀሩትን የየመን የራሷ ጦርነት እንደገና በተናቸው። በእግራቸው ሱዳን የገቡ አሉ። አገር ውስጥ የቀረነው ደግሞ እንደ ማንኛውም የቀድሞ ሠራዊት አባል ጦላይንና ሁርሶን በመሳሰሉ ካምፖች ተመዝግበን፣ የመታወቂያ ወረቀት ተሰጥቶን ወደየመጣንበት ተሸኘን። ያመለጡት መርከቦች በመጨረሻ ጅቡቲ ላይ በሐራጅ ሲሸጡ፣ ቢያንስ «የእገሌ መርከብ ልጆች» ተብለን የምንሰባሰብበት ነገር እንኳ አልቀረልንም።

መፈላለጋችን ለምን ይህን ያህል ከባድ እንደሆነ ከውጭ ለሚያይ ሰው ላይገባው ይችላል። በማሠልጠኛ አንድን ልጅ በሙሉ ስሙ የሚጠራው ስም ጠሪው ብቻ ነው። እኛ አንዱን ጎጃሜው፣ ሌላውን ሐረርጌው፣ ሦስተኛውን በቁመቱ ወይም በአነጋገሩ ስንጠራው ኖርን፤ የአባቱን ስም የምናውቀው ደመወዝ ሲከፈል ስለሰማነው ነው፤ የአያቱን ስም ግን ፈጽሞ አናውቅም። የአገራችን የስም አወጣጥ የቤተሰብ መጠሪያ ስለሌለው፣ በስምና በአባት ስም ብቻ ሰው የሚፈልግ ሰው በአንድ ከተማ ውስጥ ብቻ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ብዙ ሰዎች ይገጥሙታል። የሚያውቀው ነገር ቢኖር የተፈላጊው መርከብ፣ የሥራ ክፍሉ፣ ምናልባትም የመለያ ቁጥሩ የመጀመሪያ አኃዞች ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ ለቀበሌ ጸሐፊ ምንም አይነግሩም። ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ ግን ሁሉን ነገር ይነግራሉ።

በራሳችን አቅም የሚቻለውን አድርገናል። ከኮርስ ጓደኞቼ አንዱ የሚይዘው ዳሩ የተበላ ትልቅ ደብተር አለ። በማስመሪያ አምስት ዓምድ ተሰምሮበታል፤ ስም፣ ቅጽል መጠሪያ፣ የመጨረሻ መርከብ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ቦታ፣ ያየው ሰው። በእርሳስ የተጻፈው ገና ያልተረጋገጠ፣ በሰማያዊ ስክሪብቶ የተጻፈው የተገኘ፣ በጥቁር የተከበበው ያረፈ ነው። ከእርሳሶቹ መስመሮች አንዱ ስም የለውም፤ «ረጅሙ፣ የሞተር ክፍል፣ ወሎዬ፣ ግራ ክንዱ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ያለው፣ ዓሰብ ወደብ ላይ ከረጢት ተሸክሞ ታየ» ይላል፣ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓምዶች ባዶ ናቸው። ይህ ደብተር ብዙ ሰው አገናኝቷል። ነገር ግን የሚሠራው በዝምድናና በዕድል ነው፤ አንዱ ለልጁ ሠርግ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ፣ ሌላው ሆስፒታል ወረፋ ሲጠብቅ፣ «አንተን የማውቅህ ይመስለኛል» ሲባባሉ። ከሁሉ የሚከፋው በለቅሶ ድንኳን የሚሆነው ነው፤ ጓዳቸውን ሊቀብሩ የመጡ ሁለት ሰዎች ለዓመታት በአንድ ክፍለ ከተማ ይኖሩ እንደነበር ያወቁት፣ ሊያገናኛቸው ይችል የነበረው ሰው ከተቀበረ በኋላ ነው።

በመጨረሻዎቹ ኮርሶች የገባው እንኳ ዛሬ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። የቀደምቶቹ ኮርሶች አባላት ደግሞ በሰማንያዎቹ ውስጥ ናቸው። ጥቁሩ ክብ ከሰማያዊው ጽሑፍ ይልቅ እየፈጠነ ነው።

«መዝገቡ የት አለና?» የሚል መልስ እንደምንሰማ እንገምታለን። ምፅዋና አሥመራ የነበሩት ጽሕፈት ቤቶች ሰነዶች በእጃችሁ ላይኖሩ እንደሚችሉ ይገባናል። ሆኖም ሹመት፣ ዝውውርና ደመወዝ አዲስ አበባ ሳይጻፍ የሚያልቅ ጉዳይ አልነበረምና የደብዳቤዎቹ ቅጂ አንድ ቦታ መኖር አለበት። የቀድሞው ሠራዊት አባላት ሲሰናበቱ በማቋቋሚያ ኮሚሽኑ የተመዘገቡበት ቅጽ አለ፤ የጡረታ መብት ያገኙት ደግሞ በማኅበራዊ ዋስትናው መሥሪያ ቤት ማኅደር አላቸው። እነዚህን የሚያያይዝ ሰው ጠፋ እንጂ ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል ብለን አናምንም። በየትኛውም መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ አቧራ የለበሰ ሣጥን ካለ፣ ከእኛ መካከል ሣጥኑን በነጻ ጉልበቱ የሚያገላብጥ፣ የኮርስ ቁጥርና የመርከብ ስም ሲያይ ወዲያው የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ስለ ጥንቃቄው ሥጋት ካለ፣ የቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ባለሙያዎች ባሉበት ይሁን።

አሠራሩ ምን መምሰል እንዳለበት ሐሳባችንን ሳንገልጽ ብናልፍ ጥያቄያችን ግማሽ ይሆናል። የስም ዝርዝር በአደባባይ እንዲለጠፍ ወይም የሰው አድራሻ ለጠያቂ ሁሉ እንዲሰጥ አንፈልግም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ እንዲህ ያለውን ነገር መጠየቅም ተገቢ አይሆንም፤ አዋጁ ባይኖርም ቢሆን አንጠይቅም ነበር። ከመካከላችን መገኘት የማይፈልግ አለና። አንዳንዱ ያንን ዘመን ለልጆቹ እንኳ አልነገረም፤ አንዳንዱ የደረሰበትን ማስታወስ አይፈልግም፤ ይህ መብቱ ነው፣ ማንም ምክንያቱን ሊጠይቀው አይገባም። ስለዚህ ፈላጊው የሚያውቀውን ሁሉ በአንድ ቅጽ ሞልቶ፣ አጭር መልእክት አያይዞ ለተመደበው ባለሙያ ይሰጣል፤ ባለሙያው ከመዝገቡ ተፈላጊውን ለይቶ መልእክቱን ያደርሳል፤ ተፈላጊው ፈቃደኛ ከሆነ ራሱ ይመልሳል፤ ካልሆነ ለፈላጊው «መልእክቱ ደርሷል» ከመባል በቀር የሚነገረው ነገር የለም። ተፈላጊው አርፎ ከተገኘ ደግሞ ቤተሰቡ ይጠየቃል፤ ብዙ ልጆች አባታቸው በወጣትነቱ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር የሚነግራቸው ሰው እንደሚፈልጉ ከልምድ አውቀናል።

ይህ ከውጭ የተቀዳ ሐሳብ አይደለም። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ከኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ጋር በመሆን፣ ከኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት በኋላ ስልክና ፖስታ ተቋርጦ በኖረበት ዘመን፣ ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ የተለያዩ ቤተሰቦችን መልእክት በወረቀት ሲያመላልስ ኖሯል። የቤተሰብ ወሬ ብቻ የሚጻፍባት ያቺ ወረቀት ስንቱን እናት እንዳረጋጋች በዚያ ዘመን የኖረ ሁሉ ያውቃል። የቀይ መስቀሉ አገልግሎት ግን የተዘጋጀው ለቤተሰብ ነው፤ የመርከብ ጓድ በቅጹ ላይ ቦታ የለውም። እኛ የምንለው፣ ያው አሠራር ጓዶቹን አንድ ያደረጋቸው መሥሪያ ቤት ራሱ ቢይዘው ነው።

ስለ ኤርትራውያን ጓዶቻችን ለይቼ መጥቀስ አለብኝ። ማሠልጠኛዎቻችንም የጦር ሰፈሮቻችንም በአብዛኛው እዚያ ስለነበሩ ከአሥመራ፣ ከምፅዋ፣ ከደቀምሐሬ የመጡ ልጆች ከእኛ ጋር በአንድ አልጋ ላይና ታች ተኝተዋል። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ስልክ ሲከፈት የት እንዳሉ የማናውቃቸው ጥቂቶቹ ደወሉልን፤ እኛም ደወልን። የፖለቲካው ነገር የእኛ ጉዳይ አይደለም፤ ሁለቱ መንግሥታት የሚያውቁት ነው። ነገር ግን የምትዘረጉት አሠራር እነርሱን አስቀድሞ የሚዘጋ እንዳይሆን እንለምናለን።

መገናኘቱ የናፍቆት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከመካከላችን የአንዱ ባለቤት የሟች ባሏን የአገልግሎት ዘመን ለማስረዳት አንድ መሥሪያ ቤት ስትሄድ፣ አብረውት ያገለገሉ ምስክሮች አምጪ ተባለች። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ግን ምስክሮቹ የት እንዳሉ የሚነግራት ማንም አልነበረም፣ ጠያቂው መሥሪያ ቤትም የሚጠቁማት መዝገብ አላሳያትም። ሴትዮዋ የባሏን አሮጌ ፎቶግራፍ ይዛ በየለቅሶውና በየእድሩ ስትዞር ከረመች። በፎቶግራፉ ላይ ነጭ የለበሱ ልጆች በሁለት ረድፍ ቆመዋል፤ ከጀርባው የሁሉም ስም በመርከቡ ጸሐፊ እጅ ተጽፏል፤ አንዳቸውም አድራሻ የላቸውም። የመልእክት ክፍል ቢኖር ኖሮ ጉዳይዋ በጥቂት ደብዳቤ ያልቅ ነበር።

መንግሥት ባሕር ኃይሉን እንደገና ለማቋቋም ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የሄደበትን መንገድ፣ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመውን ስምምነት ጨምሮ፣ በደስታ ተከታትለናል። አዲሶቹ ሠልጣኞች እኛ ባልነበረን መሣሪያ እንደሚሠለጥኑ አናጣውም፤ የቀይ ባሕርን ነፋስ፣ የዳህላክን መተላለፊያ፣ ሐምሌ ላይ የሞተር ክፍል ውስጥ ያለውን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ግን በሕይወት እያለ ቢጠየቅ አይጎዳም። ይህን እንደ ውለታ አንቆጥረውም፤ የምንጠይቀውም ይህን ታሳቢ በማድረግ አይደለም።

የተናገርኩለትን ደብተር በሚመለከት፣ የሚይዘው ጓዳችን ፈቃደኛ ነው። ስማቸው በሰማያዊ የተጻፈውን ሰዎች ፈቃድ አንድ በአንድ ጠይቀን፣ የተስማሙትን ብቻ የያዘ ንጹሕ ቅጂ እናስረክባለን፤ በእርሳስ የተጻፉትን ደግሞ እንደ መነሻ ፍለጋ እንድትጠቀሙባቸው እንሰጣለን። የሚረከበን ክፍል የትኛው እንደሆነና ቅጹን ከየት እንደምንወስድ በጽሑፍ ወይም በማስታወቂያ እንዲገለጽልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ከቀድሞው ባሕር ኃይል ባሕረኞች አንዱ

ግልባጭ፦
ለመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር
ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት
ለኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር