የማደያ ዝቃጭም ዘይት አለው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባሕር ዳር ዝናብ ሲጥል ጋራዦች ደጃፍ ያለውን ቦይ ልብ ብላችሁ እዩት። ውኃው ላይ ሕብረ ቀለማም ቅባት ተንሳፎ ይወርዳል። መድረሻው ጣና ወይም ዓባይ ነው። ስለ ተቃጠለ ዘይት አልፎ አልፎ ይወራል። የማደያ ታንከር ሲጠረግ ስለሚወጣው ዝቃጭ ግን ትንፍሽ የሚል የለም።

ዝቃጩ ነዳጅ፣ ውኃና ደለል ተጣብቀው እንደ ጠላ አተላ የወፈሩበት ነው። ደስ የሚለው፣ ነዳጁን መልሶ ማውጣት ይቻላል። ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ራምኖሊፒድ ያመርታል፤ ባክቴሪያ የሠራው ሳሙና በሉት። የውኃን የገጽ ውጥረት፣ ማለትም የውኃውን ላይ እንደ ስስ ቆዳ ወጥሮ የሚይዘውን ኃይል፣ ከ72 ወደ 30 ሚሊኒውተን በሜትር ገደማ ያወርዳል። ያኔ ዘይቱ ከደለሉ ይላቀቅና ከላይ ይሰፍራል። ኩዌት ውስጥ በእንዲህ ዓይነት የባክቴሪያ ውጤት አንድ ማጠራቀሚያ ታንከር ታጥቦ ከ90 በመቶ በላይ ዘይቱ ተመልሷል። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ ወሬው አዲስ አይደለም።

ዋጋው ከኬሚካል ሳሙና ይወደዳል፣ አልዋሽም። የእኛ ዝቃጭም እንደ ነዳጅ ማጣሪያዎቹ አይበዛም። ቢሆንም ማደያዎች አንድ ቦታ ቢያጠራቅሙት ለዩኒቨርሲቲያችን ተማሪዎች ጥሩ የመመረቂያ ሥራ ይወጣዋል። እስከዚያው ከተማ አስተዳደሩ አሁን የት እንደሚደፋ ይንገረን።

አንድ አንባቢ፣ ከባሕር ዳር