ለደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የቅሬ (የዕድር) አባላት በሙሉ

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ሰሜን ወሎ ሲደርስ ቤታችንን ጥለን ከወልድያና ከአካባቢዋ ወደ ደሴ የተሰደድን፣ በከተማዋ ትምህርት ቤቶች ተጠልለን የከረምን ቤተሰቦች፣ ለእናንተ ያለንን ምስጋና በዚህ ደብዳቤ በይፋ እናቀርባለን። ስላበላችሁንና ስላለበሳችሁን እግዜር ይስጥልን። በተለይ ልናነሳው የምንወደው ግን ቅሬያችሁ የሠራውን ነው።

የቅሬ ሕግ ጥብቅ ነው። ወርኃዊ መዋጮ ያልከፈለ፣ በሰው ቀብር ያልተገኘ ድንኳኑንም አግዳሚውንም አይጠይቅም። ከመካከላችን አንዲት አዛውንት እናት በመጠለያው ከዚህ ዓለም ሲለዩ ግን የቅሬው ዳኛ አባልነታቸውን ሳይጠይቁ በሌሊት ጡሩንባ አስነፉ፤ ማለዳም ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ወጣት አብሮ ወደ ሙስሊሞች መቃብር ሄዶ ቆፈረ። ለቀስተኛውን ያስተናገዱት እናቶች ሥጋ ትተው ሽሮና ምስር ሠሩ፤ የእስላም እርድ፣ የክርስቲያን እርድ ሳይባል ሁሉም ከአንድ ገበታ እንዲቆርስ ብለው ነው። ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቤተሰብም በአንድ ቅሬም መኖሩ ለወሎ ሰው የአባቶች ወግ ነው። ያንን ወግ ለማያውቁት ስደተኛ፣ ያውም ዱቄት በተወደደበት ሰሞን፣ ምንም ሳያጎድሉ መፈጸም ግን ከወግም በላይ ነው።

ጥርጣሬ በበረታበት በዚያው ወቅት አንድ ትግርኛ ተናጋሪ ጎረቤታችሁ ሐዘን ሲደርስባቸው ሰፈሩ ደጃቸውን ሸሽቶ ነበር። የቅሬው ሽማግሌዎች ቀድመው ገብተው ተቀመጡ፤ እነሱን አይቶ ሰዉ ተከተለ። ከእኛም መካከል ቤቱ የተቃጠለበት፣ ልጁ የሞተበት ሰው ለቅሶ ደረሰ። መሄዱ ለእርሱ ቀላል አልነበረም፤ የሄደው እናንተ ስለሄዳችሁ ነው። ለዚህ የምናመሰግናችሁ ከእንጀራው አብልጠን ነው።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ገብቶ እናንተም በተራችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ እስከ ደብረ ብርሃን ተሰደዳችሁ። ስትመለሱ የቅሬው ድንኳንና ዕቃ ተዘርፎ መቆየቱን ሰምተን አዝነናል።

እኛ ወልድያ ከገባን በኋላ የሰፈራችንን ቅሬ መተዳደሪያ ደንብ አሻሽለናል። ማንኛውም ተፈናቃይ ወይም መንገደኛ በሰፈራችን ቢሞት፣ ሃይማኖቱም ቋንቋውም ሳይጠየቅ፣ መዋጮም ሳይከፍል፣ እንደ አባል እንዲቀበር ተስማምተን፣ ለዚሁ ከየወሩ መዋጮ የሚቀነስ የእንግዳ ሒሳብ ከፍተናል። ይህን በቃል ሳይሆን በደንብ ያሰፈርነው የመከራ ጊዜ ርኅራኄ መከራው ሲያልፍ እንደሚቀዘቅዝ ስላየን፣ ደንብ ግን ዳኛና ጸሐፊ ሲለወጥም ለልጆቻችን እንደሚተላለፍ ስላመንን ነው። በጉባኤው ላይ የተቃወሙ ነበሩ፤ የእናንተን ታሪክ የሚያውቁ ሰዎች ተነሥተው ሲናገሩ ግን በአንድ ድምፅ ጸደቀ።

ለድንኳን መግዣ ከየቤቱ ያዋጣነውን ገንዘብ ለቅሬያችሁ ዳኛ አስረክበናል። ለሠርግ የሚተከል ያድርግላችሁ።

ከወልድያና ከአካባቢዋ ተፈናቅለን የነበርን ቤተሰቦች