ጎታ ነው ወይስ ጉድጓድ?

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹ ደህና ናቸው? እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? አባባ ያረፉ ጊዜ በስልክ አብረን አለቀስን። ከዚያ ወዲህ ግን ጠፋሁብሽ። ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ሥራው፣ ልጅ ማመላለሱ እያልኩ ብደረድር ምክንያት አይሆነኝም። ይቅር በይኝ።

ዛሬ እንድጽፍልሽ ያደረገችኝ ትልቋ ልጄ ናት። አሥረኛ ክፍል ደርሳለች ብልሽ ታምኛለሽ? እዚህ አሜሪካ ለተማሪዎች የሚዘጋጅ ትልቅ የታሪክ ምርምር ውድድር አለ። ናሽናል ሂስትሪ ዴይ ይሉታል። በፈረንጅ 1974 ክሊቭላንድ ውስጥ ዴቪድ ቫን ታሰል የሚባሉ የታሪክ ፕሮፌሰር በ129 ተማሪዎች ጀመሩት። አሁን በየዓመቱ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ልጆች ይገቡበታል። ርዕሱን ልጁ ራሱ ይመርጣል፣ ማስረጃውንም ራሱ ያስሳል። ከዚያ ጽሑፍ፣ ኤግዚቢሽን፣ ድራማ፣ ዌብሳይት ወይም ዘጋቢ ፊልም ይሠራበታል። ወላጅ እጁን አያስገባም። ከትምህርት ቤት ያለፈ ወደ አካባቢው፣ ከዚያ ወደ ስቴት ይሄዳል። የመጨረሻው ዙር እዚሁ እኛ አጠገብ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው።

የዘንድሮው መሪ ሐሳብ «አብዮት፣ ምላሽ፣ ተሐድሶ በታሪክ ውስጥ» የሚል ነው። እሷ የመረጠችው የካቲት 12ን ነው። እኔ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። በሕፃንነቷ ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር የተነሳችው ፎቶ ሳሎናችን ተሰቅሏል፤ እሱን እያየች ነው ያደገችው።

መጀመሪያ ላይ ግራ ገብቷት ነበር። እኛ ቤት ሁልጊዜ «በ29» ነው የሚባለው። እሷም በፈረንጅ 1929 መስሏት ሁለት ቀን ሙሉ ስትፈልግ ቆየች። ምንም የለም። በኋላ አባቷ የካቲት 12 ቀን 1929 በነሱ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1937 መሆኑን ሲነግራት ጮኸችበት። «ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች። እውነቷን ነው። ለምን አልነገርናትም?

ኮሌጅ ፓርክ ወዳለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ወሰድኳት። 15 ዓመቷ ስለሆነ የተመራማሪ ካርድ ሰጧት። ቦርሳዋንና ጃኬቷን ሎከር ውስጥ አስቀመጡ፤ እስክሪብቶ አይገባም፣ እርሳስ ብቻ። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ የነበሩት የአሜሪካ ዲፕሎማት ኮርኔሊየስ ኤንገርት ስለ ጭፍጨፋው ለዋሽንግተን ጽፈው ነበር። ልጄ ስለኛ ሰፈር የተጻፈ ወረቀት አጎንብሳ ስታነብ አየኋት። ወጥቼ መኪና ውስጥ አለቀስኩ።

ማታ ማታ እራት ላይ ትሞግተናለች። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ገነተ ልዑል ግቢ ውስጥ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ መወርወራቸውን ማንም አይክድም። ከዚያ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ ስንት ሰው አለቀ? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ 30,000 ስል ኖሬያለሁ። የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው ቁጥር እሱ ነው። ኢያን ካምቤል የሚባለው ተመራማሪ ወደ 19,000 ይገምታል። የጣሊያን ወገን ደግሞ ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው የሚለው። መጀመሪያ ከፋኝ፤ የሞቱብንን የምትቀንስብን መሰለኝ። «እማ፣ ሁሉንም ቁጥር ማን እንደቆጠረው ካልጻፍኩ ማን ያምነኛል?» አለችኝ። ዝም አልኩ።

አንቺ ጋ የሚያደርሰኝ ይሄ ነው። የእማማን ታሪክ ነገርኳት። ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ፋሺስቶች ቤት ለቤት ሲገቡ የእማማ እናት ትልቁን ልጃቸውን ጎታ ውስጥ ደብቀው እንዳዳኑት። ማስታወሻ ደብተሯን አወጣችና «ባለፈው ጉድጓድ ነው ያልሽው» አለችኝ። ደነገጥኩ። ልክ ናት። አንዴ ጎታ፣ አንዴ ጉድጓድ እያልኩ ነው ያወራሁት። አንቺ የትኛውን ታስታውሻለሽ? ስንት ዓመት ቡና ላይ ቁጭ ብለን ሰምተነው፣ አንዳችንም «የት ቤት? ማን ነገረዎት?» ብለን አልጠየቅንም።

አስተማሪዋ አንድ ነገር ነግሯቸዋል። በፈረንጅ 1999 ካንሳስ ውስጥ ዩኒየንታውን በምትባል ትንሽ ከተማ ሴት ተማሪዎች ለዚሁ ውድድር ስለ ኢሬና ሴንድለር ማጥናት ጀመሩ። ናዚዎች አይሁዶችን አጉረውበት ከነበረው ከዋርሶ ጌቶ ወደ 2,500 የሚሆኑ የአይሁድ ልጆችን ለማዳን የረዳች ፖላንዳዊት ናት። ሞታለች ብለው መቃብሯን ሲፈልጉ በሕይወት አገኟት። በ2001 ዋርሶ ድረስ ሄደው አዩዋት። ይሄን ከሰማች ጀምሮ ልጄ «እማማ ስንት ዓመታቸው ነው?» እያለች ትወተውተኛለች።

ስለዚህ እባክሽ ድምፃቸውን ቅጂልኝ። ልጄ በአማርኛ የጻፈቻቸው ጥያቄዎች ከዚህ ጋር አሉ፤ ፊደሉ ቢጣመም እንዳትስቂባት፣ ራሷ ናት የጻፈችው። ከእናታቸው የሰሙትንና ከሌላ ሰው የሰሙትን ለየት አድርገው ይንገሩን። ቤቱ የት አካባቢ እንደነበረም ጠይቂያቸው። ሲረሱ አታስታውሻቸው፤ «አላውቅም» ካሉም እሱው ይቀዳ። ፊልሙ ከ10 ደቂቃ ስለማይበልጥ የሚገባው ትንሽ ነው፤ ሙሉውን ግን እኔ አስቀምጠዋለሁ። ላንቺም ለልጆችሽም ይሆናል።

በቴሌግራም ላኪልኝ። ቡና ሲፈላ ይሁን። እማማ ከሁለተኛው በፊት ወሬ አይጀምሩም፤ ታውቂያቸው የለ።

እህትሽ
ከሲልቨር ስፕሪንግ