ሽንት ቤት ደጋግመው ስለሚያስፈቅዱ ልጆች

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ይህ ደብዳቤ ስለ ውጤትም ስለ ክፍያም አይደለም። ስለ ኒኮቲን፣ ሲጋራ ውስጥ ስላለው ሱስ አስያዥ ንጥረ ነገር ነው።

ሰሞኑን መምህራን አንድ ነገር ደጋግመው ይነግሩኛል። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ አንዳንድ ልጆች አርፎ መቀመጥ ያቅታቸዋል። እግራቸው ከዴስክ ሥር ይርገበገባል። የእስክሪብቶ ክዳን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። አጠገባቸው ያለው ልጅ በክርኑ ቢነካቸው ይቆጣሉ። ከዚያ ሽንት ቤት ያስፈቅዳሉ። ሲመለሱ ሌላ ሰው ናቸው፤ ረጋ ብለው ደብተራቸውን ይገልጣሉ። የሲጋራ ሽታ የለም። የሚሸት ነገር ካለም የእንጆሪ ወይም የከረሜላ ሽታ ነው።

ምክንያቱ ቬፕ የሚባለው፣ በባትሪ የሚሠራው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ነው። አንዳንዱን ከፍላሽ መለየት ያስቸግራል። ሌላው ማርከር ይመስላል፤ እርሳስ መያዣ ውስጥ ቢያድር ማንም ልብ አይለውም። በከንፈርና በድድ መሃል የሚቀመጥ ትንሽ የኒኮቲን ከረጢትም አለ። እሱ ጭስም የለው፣ እንፋሎትም የለው፤ አፍ ውስጥ ይዞ የሂሳብ ክፍለ ጊዜን መጨረስ ይቻላል። ሺሻም ከዚሁ አይቀርም። ውሃው አጣርቶ ጉዳቱን ያስቀረዋል የሚባለው ተረት ነው፤ ኒኮቲኑ ይደርሳል።

ልጆቹን ስንጠይቃቸው "ይሄ እኮ ፍሌቨር ብቻ ነው" ይሉናል። አንዳንዶቹ ሊዋሹን ፈልገው አይደለም፣ የምር እንደዚያ መስሏቸው ነው። አብዛኛው የቬፕ ፈሳሽ ግን ኒኮቲን አለበት። በእኛ ጊዜ የመጀመሪያውን ሲጋራ የሳበ ልጅ ሳል አንቆት ዓይኑ ያለቅስ ነበር፤ ስንቱ በዚያው ተወው። አሁን ብዙ ፈሳሾች ውስጥ የሚገባው ኒኮቲን ከአሲድ ጋር ተዋህዶ ጨው የሆነ ነው፤ ጉሮሮ አይከረክርም። ልጁ ሳያስለው ብዙ ኒኮቲን ይወስዳል።

የሳበው ኒኮቲን ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ባለ ጊዜ ውስጥ አንጎል ይደርሳል። እዚያ የደስታ ስሜት የሚሰጠውን፣ ዶፓሚን የሚባለውን ኬሚካል ያስለቅቃል። ነገሩ ሲደጋገም አንጎል ኒኮቲን የሚቀበሉ በሮቹን ያበዛል፤ የበዙት በሮች ደግሞ ባዶ ሲሆኑ ይረብሻሉ። በደም ውስጥ ያለው ኒኮቲን በ2 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ጠዋት ግቢ ሳይገባ የሳበ ልጅ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ለምን እንደሚቁነጠነጥ ከዚህ መገመት ትችላላችሁ።

ከሁሉ በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ይህንን ነው። ልጆቹ "ጭንቀቴን ያቀልልኛል" ይላሉ፤ እውነት ይመስላቸዋል። ሲስቡ የሚቀላቸው ግን በአብዛኛው ያው ኒኮቲን ሲጎድል ያመጣባቸው መቁነጥነጥ ነው። ዕዳውን ራሱ አበድሮ ራሱ የሚሰበስብ አራጣ አበዳሪ በሉት። ይህን ለልጁ ማስረዳት "ሳንባህ ይቃጠላል" ብሎ ከማስፈራራት የበለጠ ይሠራል። ሳንባውን የሚያስበው ከ40 ዓመት በኋላ ነው፤ መቁነጥነጡን ግን ዛሬ ያውቀዋል።

በዚህ ዕድሜ ሱሱ ቶሎ ይይዛል። የሰው አንጎል እስከ 25 ዓመት ገደማ እያደገ ነው፤ መጨረሻ የሚበስለው ደግሞ ራስን የሚገታው የፊተኛው ክፍል ነው። በየቀኑ መሳብ ሳይጀምሩ የሱስ ምልክት የሚታይባቸው ልጆች አሉ። "አልፎ አልፎ ነው" የሚለው መልስ ስለዚህ አያረጋጋኝም።

ምልክቶቹን ከጉርምስና መለየት ቀላል አይደለም። ቁጣ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ የአፍ መድረቅ፣ ኪስ ውስጥ የማይበረክት ገንዘብ። ማናቸውም ብቻቸውን ማስረጃ አይሆኑም። ስለዚህ ቦርሳ ከመፈተሽ አትጀምሩ። ዱላና በዘመድ ፊት ማዋረድም ልጁን መደበቅ ያስተምሩታል እንጂ አያስተውትም። እናንተ ራሳችሁ የምታጨሱ ከሆነ "እኔ በምን አፌ?" አትበሉ። ለማቆም ሞክሮ ያቃተው ሰው የሱስን ጉልበት ከማንም በላይ መመስከር ይችላል።

ማቆም ይቻላል። የሚከብዱት የመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ናቸው፤ ከዚያ እየቀለለ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል። ስለዚህ የፈተናን ሳምንት አትምረጡለት። በእነዚያ ቀናት ቢነጫነጭ ቻሉት። አንድ ቀን ቢስት "አልኩህ አይደል!" አትበሉት። የኒኮቲን ማስቲካ ወይም ፕላስተር ግን ሐኪም ሳይጠየቅ እንዳይሰጠው አደራ። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ደግሞ የቬፕ ፈሳሽ ተጥሎ እንዳይገኝ፤ ቢጠጡት ይመርዛል።

ወደ ትምህርት ቤታችን ስመጣ፣ አንዳንድ ወላጆች ሽንት ቤቶቹ በትምህርት ሰዓት ይቆለፉ ብላችኋል። አልቆልፍም። ሌሎቹ ልጆች ምን አጠፉ? በምትኩ በየእረፍቱ ተቆጣጣሪ ይኖራል። የተገኘ ዕቃ ይወሰዳል፤ የሚመለሰው ለወላጅ ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ልጅ ከትምህርት አይታገድም፣ ከአማካሪያችን ጋር ይገናኛል። የታገደ ልጅ ቀኑን ሙሉ ቤት ብቻውን ከቬፑ ጋር ነው የሚውለው። ለሌሎች የሚሸጥ ከተገኘ ግን ጉዳዩ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ይታያል፤ እዚያ ላይ አልለሳለስም።

በግል መነጋገር የምትፈልጉ የአማካሪውን ቢሮ ቀጠሮ ጠይቁ። በስልክ የልጁን ስም መናገር አይጠበቅባችሁም። ልጁን ይዛችሁ የምትመጡ ከሆነ ግን ለምን እንደምትመጡ ቤት ሳላችሁ ንገሩት፤ ቢሮ ደርሶ ድንገት አይስማ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር