ሕመሙ ከቀረጻው በኋላ ነው የመጣው

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን አጥፍቼ መክረሜ ጥፋት ነው፤ ይቅር በለኝ። የሙዚቃ ሂስ መጻፍ መጀመርህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ዛሬ ብዕር ያስነሳኝም እሱ ነው። አንጋፋ ዘፋኝ አዲስ ሥራ ይዞ ሲመለስ ሐያሲ የት እንደሚሳሳት ለማየት የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የቦብ ዲላንን «ታይም አውት ኦፍ ማይንድ» የተባለ አልበም ያዝ።

ከቀኖቹ ጀምር፤ ሁሉም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ዲላን ከ1990 ወዲህ የራሱን አዲስ ዘፈኖች የያዘ አልበም አላወጣም ነበር። በ1992 እና በ1993 ያወጣቸው ሁለቱ በጊታር ብቻውን የተጫወታቸው የቆዩ ዘፈኖች ናቸው። አዲሱን ማያሚ፣ ክራይቴሪያ ስቱዲዮ ገብቶ የቀረጸው በጃንዋሪ 1997 ነው። በሜይ መጨረሻ ሳንባ የሚያጠቃ ፈንገስ ይዞት፣ የልቡ ሽፋን ተቆጥቶ ሆስፒታል ገባ። አልበሙ ሴፕቴምበር 30 ወጣ።

ሕመሙ በቀረጻውና በኅትመቱ መካከል ስለወደቀ ብዙ ሰው ከአልበሙ ዘፈኖች አንዱን፣ «ኖት ዳርክ የት»ን፣ ከሞት አፋፍ የተመለሰ ሰው ኑዛዜ አድርጎ ሰማው። ግጥሙ ስለ መምሸትና ስለ ድካም ስለሆነ ስሕተቱ ይገባኛል። ግን ሲዘፍነው አልታመመም! ስለዚህ የማንንም አልበም ከመዳኘትህ በፊት ሦስት ነገር በወረቀት አስፍር፦ መቼ ተቀረጸ፣ መቼ ወጣ፣ በመሃሉ ምን ሆነ።

ሞትን ብቻ የፈለገ ጆሮ ጨዋታውን ያልፈዋል። ከ16 ደቂቃ በላይ የሚሄደውን «ሃይላንድስ» የተባለውን ዘፈን እስከ መጨረሻው ስማው። ቦስተን ውስጥ ምግብ ቤት ገብቶ ቅቅል እንቁላል ያዝዛል፤ አስተናጋጇ አልቋል ትለዋለች፤ ከዚያ ሥዕሌን ካልሳልክልኝ ብላ ሙጭጭ ትላለች። አንዲት የጊታር ሐረግ ሳትለወጥ ከሥር ትመላለሳለች። ሰልችቶት መሃል ላይ ያቋረጠ ሰው የአልበሙን ሳቅ ሳይሰማ ነው የጻፈው።

ድምፁ ላይም ተጠንቀቅ። የሻከረው ጉሮሮ የዲላን ነው፤ ጭጋጉ ግን ቀረጻውን የመራው የፕሮዲዩሰሩ የዳንኤል ላንዋ ነው። ላንዋ ብዙ ተጫዋቾችን በአንድ ጊዜ አስጫውቶ፣ ድምፁን በማሚቶ ጠቅልሎታል። ዲላን ያን አሠራር አልወደደውም፤ በ2001 ያወጣውን ቀጣዩን አልበም «ጃክ ፍሮስት» በሚል ስም ራሱ ፕሮዲዩስ አደረገው። አልበሙ በ1998 የዓመቱን አልበም ግራሚ ቢወስድም የሁለቱ ልዩነት በዚያ አልተፈታም።

በ2023 ያው ቀረጻ እንደገና ሚክስ ተደርጎ፣ ማለትም የድምፆቹ መጠን እንደ አዲስ ተመጣጥኖ ወጥቷል፤ መሣሪያዎቹ ተለያይተው ይሰማሉ፣ ድምፁም ቀረብ ይላል። እኔ አብዛኛውን በአዲሱ እመርጣለሁ፤ «ላቭ ሲክ» ግን በድሮው ይበልጥብኛል፤ ከአሮጌ ሬዲዮ የሚወጣ የሚመስለው ድምፅ ለዚያ ዘፈን ልኩ ነው። ሁለቱን በአንድ የጆሮ ማዳመጫ፣ ድምፁን እኩል አድርገህ አከታትለህ ስማና የሰማኸውን ጻፍልኝ።

ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

ወዳጅህ